ክንዴ ወፍራም ነው፤ የደም ግፊት ልኬቴን ልመነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለእናንተ። የክንዴ ዙሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ግፊቴ 146/92 ተብሏል፤ የመለኪያው ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ) ግን በግድ ተጎትቶ ነው የሚታሰረው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ስል መልሱ «ክብደት ቀንሺ» ብቻ ነው። ልኬቱን ልመነው? ሐኪም ፊትስ ምን ልበል? ሚዛን ላይ መውጣት ስለሚያሳፍረኝ ቀጠሮ መቅረት ጀምሬያለሁ።

ነርስ፦ እህቴ፣ በትክክለኛው ካፍ እስኪደገም ድረስ ቁጥሩን አትመኚው። ካፉ ውስጥ አየር የሚሞላው ከረጢት ከክንድሽ ዙሪያ 80 በመቶውን ማቀፍ አለበት። ካጠረ ደም ሥሩን ለመጫን ተጨማሪ አየር ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ትርፉን ያንቺ ግፊት አድርጎ ያነበዋል። በጣም ትልቅ ክንድ ላይ መካከለኛ ካፍ የላይኛውን ቁጥር ወደ 20 ገደማ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መካከለኛው ከ27 እስከ 34፣ ትልቁ ከ35 እስከ 44፣ ከዚያ የሚበልጠው ከ45 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ላንቺ ትልቁ ነው።

ዙሪያውን ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ባለው መሃል ላይ ለኪ። ከዚያ 5 ደቂቃ ጀርባሽን አስደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ ተቀመጪ፤ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ይረፍ፤ እየተለካሽ አታውሪ። ከ1 ደቂቃ በኋላ ይደገም። ክንድሽ ወደ ብብት ሰፍቶ ወደ ክርን የሚጠብ ከሆነ ካፉ ይንሸራተታል፤ ያኔ የእጅ አንጓ መለኪያ ይሻላል፣ አንጓው በልብ ከፍታ ከተያዘ። የተጀመረ መድኃኒት ካለ ግን በራስሽ አታቋርጪ!

ሐኪም፦ ትንፋሽ ማጠሩን አደራ አታቃልዪው። ክብደት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሳይታይ ግን ምርመራ ተደረገ አይባልም። ደም ማነስ (የወር አበባ ከበዛ በተለይ)፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ)፣ አስም፣ ልብ መታየት አለባቸው። የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ («ሃርት አታክ») ሴቶችም ብዙ ጊዜ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ግን ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም ከወንዶች ይበልጥ ስለሚታይባቸው «ጭንቀት ነው» ይባላሉ። እንዲህ በይ፦ «ቀጭን ሰው ይህን ይዞ ቢመጣ ምን ያዙለት ነበር? ለእኔም ይዘዙልኝ።» እምቢ ካሉ ምክንያቱ ካርድሽ ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። ቁጭ ባልሽበት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ፋርማሲስት፦ መድኃኒትም ላይ ጾታና ክብደት ለውጥ ያመጣሉ። ሊቮኖርጀስትሬል የተባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከ70 ኪሎ በላይ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ግን በክብደት አይነካም። ክንድ ላይ ክትባት ሲሰጥ ከ90 ኪሎ በላይ ላለች ሴት 38 ሚሊ ሜትር መርፌ ያስፈልጋል፤ ለወንድ ከ118 በላይ ሲሆን ነው፣ የሴት ክንድ ከቆዳ ሥር የሚኖረው ስብ ስለሚበልጥ። አጭር መርፌ ጡንቻ ሳይደርስ ስብ ውስጥ ይቀራል። ወፍራም ወንዶችም የሚጎዱበት አለ፦ በአንድ ጡታቸው ጫፍ ሥር የወጣ ጠንካራ እብጠት «ስብ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልመዘንም ማለት እችላለሁ?

ነርስ፦ ለምን እንደሚፈለግ ጠይቂ። ለማደንዘዣ፣ በኪሎ ለሚሰላ መድኃኒት፣ ለእርግዝናና ለልብ ሕመም ክትትል ያስፈልጋል፤ ያኔ «ፊቴን አዙሬ ልመዘን፣ ቁጥሩን አይንገሩኝ» በይ። ሌላ ጊዜ አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው። «ቢኤምአይ» የሚሉት ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ስሌት መነሻውን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የቀመረው ቤልጂየማዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ የሕዝብን አማካይ ሲያጠና እንጂ አንድ በሽተኛ ሊመረምር አልነበረም። ስለዚህ አታፍሪ፣ ቀጠሮሽንም አትቅሪ። ስትደውዪ «ትልቅ ካፍ አላችሁ?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ስትሄጂም እጅጌው እስከ ትከሻ የሚወጣ ልብስ ልበሺ፣ ተጠቅልሎ ክንድ ካጠበቀ ልኬቱን ያበላሻል።