ዴስክቶፔ በድንገት ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ ከየት ልጀምር?

ጸሐፊዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ቤቴ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ፤ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ ውል፣ አንዳንዴም የእድር መተዳደሪያ ደንብ እተይባለሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮር አይ 5 ነው፣ ዊንዶውስ 10። ራሙ (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው) 4 ጊጋ ነበር፤ አምና ሌላ 4 ጊጋ አስጨምሬበታለሁ።

ካለፈው ወር ጀምሮ ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ መልሶ ይነሣል። አንዳንድ ቀን ሁለቴ፣ ከዚያ ደግሞ ለሦስት ቀን ሰላም። ሰማያዊ ስክሪንም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ጽሑፉን ሳላነበው አለፈ። ትናንት የአንዲት ተማሪ 30 ገጽ ሳይቀመጥ ሄደብኝ። ማስረከቢያዋ ደርሶ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ደግሜ ጻፍኩት። አቧራውን አራግፌያለሁ፣ ስታቢላይዘርም አለኝ። ጥገና ቤት ወስጄው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ «ምንም የለውም» ብለው መለሱልኝ። እባካችሁ ምን ላድርግ?

የቀበና ልጅ

ቫይረስ ይመስለኛል። ፎርማት አስደርጊውና አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት።

ብየዳ

እህቴ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተዪው። ድርግም ብሎ መጥፋትና ሰማያዊ ስክሪን የአንድ በሽታ ምልክት ላይሆኑ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ለያይተሽ እያቸው። ሰማያዊው ሲመጣ ዊንዶውስ ራሱ ስህተት አግኝቶ ቆሟል ማለት ነው። እዚያ ላይ የሚጠረጠሩት ራም፣ ድራይቨር (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) እና ዲስክ ናቸው። ድርግም ሲል ግን ዊንዶውስም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን)፣ ሙቀት ወይም የቤቱ መብራት ነው የሚጠረጠረው።

ስታርት ላይ በማውሱ ቀኝ ተጫኚና ኢቨንት ቪውወርን (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ክፈቺ፤ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም። ከርነል ፓወር 41 የሚል መስመር ታገኛለሽ። ብዙ ሰው 41ን ሲያይ ወዲያው «ፓወር ሳፕላዩ ሞቷል» ይላል፤ እኔ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ገንዘብ ሲያወጣ አይቻለሁ። 41 የሚናገረው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ዲቴይልስ ውስጥ ግቢና በግቼክ ኮድ የሚለውን እዪ። ዜሮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድርግም ያለ ነው፤ ሌላ ቁጥር ካለ ሰማያዊ ስክሪን ነበር።

ሰማያዊው እንዳያልፍሽ ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ አውቶማቲካሊ ሪስታርት የሚለውን ምልክት አንሺ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሳይነሣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ አስገብተሽ አንድ ሁለት ሰዓት ተዪው። እዚያም ከጠፋ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም፤ ፎርማት ብታደርጊው ፋይልሽ ይሄዳል እንጂ ችግሩ አይሄድም።

ሰንበት

ደብተር ያዢ። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ምን ምን በርቶ እንደነበር ጻፊ። ኢቨንት ቪውወር 9:12 ካለሽ በእኛ 3:12 ነው፣ እንዳትሳሳቺ። ጥገና ቤት ውሎ አለመጥፋቱን እኔ ቀላል አላየውም፤ እዚያ የሌለ፣ ቤትሽ ግን ያለ ነገር አለ።

እስከዚያው ዎርድ ላይ አውቶሪከቨርን (ጽሑፉን በየጊዜው በራሱ የሚያስቀምጠውን) ከ10 ደቂቃ ወደ 1 አውርጂው። የሰው አደራ ነው የያዝሽው።

ጸሐፊዋ (ከ9 ቀን በኋላ)

ደብተሩን ይዤ መጣሁ። ስድስት ጊዜ ነው የጠፋው። በአራቱ ኮዱ ዜሮ ነው፣ ሁለቱ ሰማያዊ ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፣ ከ2:30 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማክሰኞና ዓርብ እንጀራ የምንጋግርበት ቀን ነው! ጎን ለጎን ጽፌ እስካየው ድረስ አንድም ቀን አላሰብኩትም። አራተኛው እሑድ ማታ ነው፤ ምጣድ አልነበረም፣ አምፖሉ ግን ብልጭ ብሎ ነበር። ትናንት ዓርብ ምጣዱ በርቶ ባዮስ ውስጥ አስገብቼ ተውኩት፤ እዚያም ጠፋ።

ሰማያዊዎቹ አንዱ ሜሞሪ ማኔጅመንት፣ ሌላው ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ ይላሉ።

ብየዳ

እንዲህ አድርጎ የሚመልስ ጠያቂ ብዙ አላጋጠመኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ሁለት በሽታ ነው ያለው።

አንደኛው ኃይል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። የቤቱ ሽቦ ቀጭን ወይም መጋጠሚያው የላላ ከሆነ ምጣዱ በበራ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ጤነኛ ፓወር ሳፕላይ መብራት ለቅጽበት ሲቋረጥ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ካፓሲተሩ (ኃይል የሚያጠራቅመው ክፍሉ) ላይ ባለው ኃይል ይሻገራል። ሲያረጅ ግን ካፓሲተሩ ይደክማል፣ ትንሽ መውረድም ይጥለዋል። ስታቢላይዘርሽ ምጣዱ ሲበራ ጠቅ ይላል? ያ ውስጡ ያለው ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲቀያየር ነው፤ በዚያች ቅጽበት መብራቱ ተቋርጦ ይመለሳል። የደከመ ፓወር ሳፕላይ እሷንም አይችልም።

ጸሐፊዋ

አዎ፣ ጠቅ ጠቅ ይላል! እኔ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

የአዳማው

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሩና ምጣዱ ከአንድ መስመር ነው የሚመጡት? ምጣድ ለብቻው 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ሰው ጠርተሽ መጋጠሚያውን አስፈትሺ፤ ሶኬቱ ላይ የመቃጠል ሽታ ወይም መጥቆር ካለ ግን ኮምፒውተሩን እርሺውና ምጣዱን ዛሬውኑ አቁሚ። ከኮምፒውተሩ በፊት የሚያሰጋኝ ቤትሽ ነው።

ብየዳ

ትክክል ነው። ፓወር ሳፕላዩን ስትቀይሪ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። የብራንድ ዴስክቶፖች የራሳቸው መሰኪያ ይኖራቸዋል፤ ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ባለ 8 ፒን ነው፣ ተራው ባለ 24። አሮጌውን ከፍተሽ ለማየት ግን አትሞክሪ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ 300 ቮልት አካባቢ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው በሽታ ራም ይመስለኛል፤ የሰማያዊዎቹ ስሞች ብዙ ጊዜ ወደ እሱ ይጠቁማሉ። ኮምፒውተሩን ንቀዪው፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኚው፣ ራሞቹን አውጥተሽ ወርቃማውን ጥርሳቸውን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለሽ አጽጂ። ከዚያ ሜምቴስት 86ን (ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም) በፍላሽ አስነሥተሽ አንድ በአንድ ፈትሺያቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከፈተሽሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። አንድም ስህተት ቢሆን ስህተት ነው፣ «ትንሽ ናት» ብለሽ አትለፊው። አዲስ ፓወር ሳፕላይ ላይ ብትፈትሺው ይሻላል፤ ፓወር ሳፕላዩንና ራሙን በአንድ ቀን አትቀይሪ።

ጸሐፊዋ (ከአንድ ወር በኋላ)

አምና ያስጨመርኩት ራም በመጀመሪያው ዙር 40 ስህተት አወጣ፤ ላጲሱም አልረዳውም። የድሮው ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ነበር። ፓወር ሳፕላዩ ተቀየረ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሲመጣ የምጣዱ ሶኬት ጀርባ ጠቁሮ ተገኘ፤ የአዳማው ወንድሜ፣ ስላስጠነቀቅከኝ ዕድሜ ይስጥህ። ለምጣዱ የራሱ መስመር ተዘረጋለት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ማክሰኞ እየተጋገረ እተይባለሁ። በ4 ጊጋ ቀርፋፋ ነው፣ ሌላ እስክገዛ እታገሣለሁ። አሁን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘውን) ልግዛ ብዬ ነው፤ ስንት ይበቃኛል? ፕሪንተሩም ሌዘር ነው።

ብየዳ

ለአንድ ዴስክቶፕና ሞኒተር 650 ቪኤ ይበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ይዞልሽ አስቀምጠሽ ትዘጊያለሽ። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ባትሪው ላይ አትሰኪው፤ ሲሞቅ ከኮምፒውተሩ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጥለዋል። እሱ ግድግዳው ላይ ይቆይ።