የካናዳዋን ኖቫ ስኮሺያን በ9 ቀን፣ ከእናቴ ጋር፦ ይህ ፕላን ያስኬዳል?

የጎላ ልጅ (ቶሮንቶ)

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። 71 ዓመቷ ነው። ባሕር ያየችው በወጣትነቷ አንዴ ብቻ፣ ምጽዋ ነው፤ እስካሁን ታወራዋለች። እንደገና ላሳያት ብዬ ከኦገስት 9 እስከ 17 ፈቃድ ወስጃለሁ። ሃሊፋክስ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በኪራይ መኪና።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ሃሊፋክስ፣ ሉነንበርግ፣ ያርመዝ፣ ዲግቢ፣ ትሩሮ፣ ባዴክ፣ ካቦት ትሬይል (በኬፕ ብሬተን ደሴት ሰሜን የሚዞረው የመኪና መንገድ)፣ ሉዊስበርግ፣ ከዚያ ተመልሰን ሃሊፋክስ። በየቀኑ አዲስ ሞቴል። ካርታ ላይ ሳየው ፕሮቪንሱ ትንሽ ስለሆነ ዙሪያውን መጨረስ የሚቻል መሰለኝ።

የሚያሳስበኝ ግን አለ። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ገደል ትፈራለች፤ ዓባይ በረሃን ስንወርድ ዓይኗን ጨፍና ነው ዳዊት የምትደግመው። ደግሞ ጊዜው ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ከዚያም የጾም ብቻ ነው። እዚያ የሚበላው ሁሉ ዓሣና ሎብስተር ነው ይሉኛል። የምታውቁ ምከሩኝ።

ሾፌሩ (ዳርትመዝ)

ወንድሜ፣ እንኳን እናትህ በሰላም መጡልህ። እዚህ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፣ እንጀራዬም መንዳት ነው። ፕላንህን ሁለቴ አነበብኩት፤ እባክህ ያርመዝን አውጣው።

ያርመዝ ከሃሊፋክስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባዴክ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ 350 ያህል። ፕሮቪንሱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ረጅም ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት አማቶቼ ሲመጡ እኔም እንዳንተው ዙሪያውን ካላዞርኳቸው ብዬ ነበር። ጠዋት ሻንጣ ማሰር፣ ማታ ሻንጣ መፍታት። ሲሄዱ አማቴ «ልጄ፣ መንገዱ እንዴት ያለ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሌላ ያዩት ነገር አልነበረማ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለት ቦታ ብቻ እደሩ። መጀመሪያ ሦስት ሌሊት ሃሊፋክስ አካባቢ፣ ከዚያ አራት ሌሊት ባዴክ፣ የመጨረሻዋን ኤርፖርቱ አጠገብ። ሉነንበርግንና ፔጊስ ኮቭን በአንድ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ፔጊስ ኮቭ ነጩ የመርከብ መብራት ማማ ያለበት ነው። እዚያ አለቱ ጥቁር የሆነበት ጋ እንዳትጠጉ። ጥቁር የሆነው ውሃ ስለሚመታው ነው፣ ያንሸራትታል፤ ማዕበሉም ሳታስበው ይመጣና ሰው ይወስዳል። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፣ ግን ሰው ለፎቶ ሲል ያልፈዋል።

አንድ ቀን ግን ለፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ስጥልኝ። በዓለም ትልቁ የባሕር ሙላትና ጉድለት ያለው እዚያ ነው። ባሕረ ሰላጤው ወደ ውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ ውሃው ተጨናንቆ ይቆለላል፤ በርንትኮት ሄድ በሚባለው ቦታ ልዩነቱ 16 ሜትር ይደርሳል፣ የአምስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። በርንትኮት ግን ወደ ባሕሩ ወለል የሚወረደው በደረጃ ነው፣ ለእናትህ አይሆንም። ሆልስ ሃርበር ወደምትባለው ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ውሰዳቸው። መኪናህን ከመርከብ ማሰሪያው ጥግ ታቆማለህ፣ አለቀ።

የእኔን እናት የወሰድኳት ውሃው በጎደለ ሰዓት ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ከታች ቀይ ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገመዳቸው ብቻ ከላይ ካለው እንጨት ጋር ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። «እነዚህን ማን ጣላቸው?» አለችኝ። ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቼላት፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። መጀመሪያ በጭቃው መሃል ቀጭን ውሃ ገባ፣ እንደ መስኖ። ከዚያ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ተነቃነቁ። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተን እግሯ ካረፈበት እኩል ተንሳፍፈው ነበር። እንሂድ ብላት አልሄድም አለችኝ።

ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ የዕለቱን ሠንጠረዥ ሳታይ እንዳትነሳ፤ የካናዳ መንግሥት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያወጣዋል። ሰዓታችን ከቶሮንቶ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድምም አትርሳ።

እታለም (ሲድኒ፣ ኬፕ ብሬተን)

ሾፌሩ ያለው ልክ ነው። ስለ ካቦት ትሬይል እኔ ልጨምር። ዙሪያው 298 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ሰው በኢንጎኒሽ በኩል ጀምሩ ይልሃል፣ ባሕሩ በቀኝህ ስለሚሆን። ለእናትህ ግን ግልብጡን አድርገው፤ ከባዴክ ተነስተህ በማርጋሪ አድርገህ በሼቲካምፕ በኩል ግባ። የአንተ መስመር ተራራውን ተጠግቶ ይሄዳል፣ ገደሉ ከማዶ ይሆናል። ባሕሩም አያመልጣቸውም፣ መኪና ማቆሚያ ያላቸው መመልከቻዎች በየቦታው አሉ።

ሼቲካምፕ ላይ ነዳጅ ሙላ። ከዚያ በኋላ ስልክ የማይሠራበት ብዙ ቦታ ስላለ ካርታውን ቀድመህ አውርደው። ስካይላይን የሚባለውን የእግር መንገድ ለጉልበታቸው ስትል ተወው። ሲመሽም አትንዳ፤ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ድንገት አስፋልቱ ላይ ይቆማል፣ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሲገጩት ሰውነቱ መስታወቱ ላይ ነው የሚወድቀው።

በ2025 ኦገስት በድርቁና በእሳቱ ስጋት ፕሮቪንሱ ጫካ መግባትን ከልክሎ ነበር፣ ቅጣቱም 25,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት የመንግሥትን ማስታወቂያ እይ።

ለጾሙ አትጨነቅ። ኩሽና ያለው ቤት ተከራይ፤ ሽሮና በርበሬ ከቶሮንቶ ያዝ፣ እንጀራውን አድርቀህ ድርቆሽ አድርገው። ጠዋት ትነዳለህ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ገብታችሁ እሳቸው በወጉ ይበላሉ። ኦገስት የዱር ብሉቤሪ የሚለቀምበት ወር ነው፣ መንገድ ዳር ይሸጣል። የእኔ እናት ቀምሳ «የእኛ አጋም ዘመድ ናት» ብላለች።

ኮከብ (ካልጋሪ)

ወደ ኬፕ ብሬተን ስትሄዱ ኒው ግላስጎ በምትባል ከተማ አጠገብ ታልፋላችሁ። እዚያ አንድ 10 ዶላር አውጣና ለእናትህ አሳያቸው። ብሩ ላይ ያለችው ቫዮላ ዴዝሞንድ የሃሊፋክስ የውበት ሳሎን ባለቤት ነበረች። በ1946 ወደ ሲድኒ ስትሄድ መኪናዋ ተበላሸባትና እስኪሠራ ብላ ኒው ግላስጎ ሲኒማ ገባች። ለነጮች በተተወው በታችኛው ወንበር ተቀምጣ አልነሳም ስላለች ጎትተው አሰሯት፤ የተከሰሰችውም በቲኬቱ የአንድ ሳንቲም ቀረጥ ልዩነት ነው። ፕሮቪንሱ ይቅርታ ያደረገላት በ2010 ነው፣ ከሞተች 45 ዓመት በኋላ። እኔ ሳልፍ ሳላውቅ አልፌው ነበር፣ እናንተ እንዳታልፉት።

የጎላ ልጅ (ቶሮንቶ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ያርመዝንና ዲግቢን ሰርዣለሁ። ባዴክ ኩሽና ያለው ቤት ለአራት ሌሊት ይዣለሁ፣ ደረጃ የለውም። ሉዊስበርግን ጉልበቷን አይቼ እዚያው እወስናለሁ። ተጣጣፊ ወንበርም ዛሬ ገዛሁ።

የሾፌሩን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። ጭቃው ላይ የተቀመጡት ጀልባዎች ጋ ስደርስ አስቆመችኝና «ድገመው» አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ምጽዋ እኮ ውሃው እንዲህ አይሄድም ነበር። የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ሾፌሩ፣ እስቲ በቀላሉ የምነግራትን ጻፍልኝ። በየቀኑ እየጠየቀችኝ ነው።