አይረን እየወሰድኩ ደም ማነሴ ለምን አልሻል አለ?

ፀደይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፀጉሬ በጣም እየረገፈ ስላስቸገረኝ ለወራት በቀን 50 ሚሊግራም ዚንክ ስውጥ ቆይቻለሁ። ሴሊኒየም ያለበት የፀጉር እንክብልም ጨምሬበታለሁ። በቅርቡ ተመርምሬ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩና አይረን (የብረት እንክብል) ታዘዘልኝ። ሳላቋርጥ ነው የምወስደው፤ ሄሞግሎቢኔ ግን ንቅንቅ አላለም። ነጭ የደም ሴልሽም ቀንሷል ብለውኛል። እነዚህ ነገሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ እንዴ? ወይስ አይረኑን ልጨምር?

ፋርማሲስቷ፦
እህቴ፣ አይረኑን በራስሽ እንዳትጨምሪ። እኔን ያሳሰበኝ ዚንኩ ነው። ለአዋቂ ሴት በቀን 8 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። ከምግብም ከእንክብልም ተደምሮ ከ40 ሚሊግራም አይለፍ የሚባለው ደግሞ በመዳብ ምክንያት ነው። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎቲዮኒን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይሠራሉ። ይህ ፕሮቲን ከዚንክ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዛል። የአንጀት ሴል ዕድሜው የቀናት ነው። ሲረግፍ የያዘውን መዳብ ይዞ በሰገራ ይወጣል። ስለዚህ የምትበዪው ምግብ በቂ መዳብ ቢኖረውም ወደ ደምሽ የሚያልፈው ትንሽ ነው። መዳብ በሰውነታቸው ለሚጠራቀምባቸው የዊልሰን ሕመምተኞች ዚንክ በመድኃኒትነት የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። አንቺ ግን ሐኪም ካላዘዘልሽ አቁሚው።

ፀደይ፦
አመሰግናለሁ። ግን መዳብና ደም ማነስን ምን አገናኛቸው? ደም የሚሠራው በብረት አይደል?

መምህሩ፦
በብረት ነው፤ ብረቱን ከቦታው የሚያንቀሳቅሰው ግን መዳብ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ። መዳቡ 100 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ብረት ከአንጀት ሴል ወይም ከጉበት ወጥቶ በደም የሚጓዘው ትራንስፈሪን በሚባል ፕሮቲን ተጭኖ ነው። ትራንስፈሪን የሚቀበለው ግን አንድ ኤሌክትሮን የተነጠቀ ብረትን ነው። ያን የሚነጥቁት ሄፋስቲንና ሴሩሎፕላስሚን ሲሆኑ ሁለቱም ያለ መዳብ አይሠሩም። መዳብ ሲጠፋ ብረቱ በመጋዘኑ ተቆልፎ ይቀራል፤ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኒ ግን ብረት አጥቶ ይቸገራል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1928 እ.ኤ.አ. የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወተት ብቻ በመመገብ ደማቸው ያነሰ አይጦች ብረት ብቻውን ሲሰጣቸው እንዳልዳኑ አሳይተዋል። መዳብ ሲጨመርላቸው ነው ደማቸው የተመለሰው። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ መጠኑ ትንሽ የሆነ ነገር ሥራውም ትንሽ እንዳይመስላቸው።

ላብራቶሪ ቤት፦
የነጭ ሴሉ መቀነስ ቁልፍ ምልክት ነው። ተራ የብረት እጥረት ነጭ ሴልን እንዲህ አያወርድም። በደም ውስጥ ያለው መዳብ፣ ሴሩሎፕላስሚን፣ ዚንክ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትሽን የሚያሳይ) እና ቫይታሚን ቢ12 እንዲታዩልሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከወሰድሽ ወይም ኢንፌክሽን ካለብሽ ሳትደብቂ ተናገሪ። ሴሩሎፕላስሚን በእነዚህ ጊዜያት ከፍ ስለሚል እጥረቱን ይሸፍነዋል። ለመሆኑ እግርሽን ይደነዝዝሻል?

ፀደይ፦
አዎ! ጣቶቼን ይደነዝዘኛል። ጫማ ጠቦኝ መስሎኝ ነበር።

ላብራቶሪ ቤት፦
እንግዲያው ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ። የመዳብ እጥረት ነርቭንና ህብለ ሰረሰርን ይጎዳል። ደሙ በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ የነርቭ ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የቢ12 እጥረትም ልክ እንዲህ ያደርጋል፤ ሳይመረመር መገመት አይቻልም።

ፋርማሲስቷ፦
የፀጉር እንክብሉንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሴሊኒየም በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል፤ ጥፍርም ይሰባብራል። ብልቃጦቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ መጠኑን ከላያቸው አንብቦ ይደምረው። መዳብም ቢሆን ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፤ ምን ያህልና በምን መልክ እንደሚሰጥሽ ውጤቱ ነው የሚወስነው።

ፀደይ፦
ዚንኩን አቁሜያለሁ። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አግኝቻለሁ፤ ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።