ባዲ ኤመንስን ለማያውቅ ሰው የትኛውን ዘፈን ታስደምጡታላችሁ?

ባለስድስት ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ በያላችሁበት።

የስቲል ጊታር ተጫዋቹ ባዲ ኤመንስ ማክሰኞ፣ ጁላይ 21 ቀን 2015 አረፈ። 78 ዓመቱ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ሸክላዎቹ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።) ገና ጃንዋሪ ላይ የካንትሪ ዘፋኙን ሊትል ጂሚ ዲከንስን ሸኝተናል። በ1955 ዲከንስ ከዲትሮይት ቀጥሮ ናሽቪል ያስገባው የ18 ዓመት ልጅ ደግሞ ዓመቱ ሳይገባደድ ተከተለው።

እኔ የምነካካው ተራ ጊታር ነው፤ ስቲል ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ስልኬ ላይ የሚጎርፈውን የሐዘን መልእክት አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ። ነገርኩት። «ምን የሚለውን ነው የዘፈነው?» ሲለኝ፣ ዘፋኝ ሳይሆን ከኋላ ስቲል ጊታር የሚጫወት ነው አልኩት። «እንዴ! ያ የሚያለቅሰው ነገር ሰው ነው የሚጫወተው?» አይለኝ መሰላችሁ! ወንድሜ እኮ የካንትሪ ዘፋኙን የሬይ ፕራይስን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ ነው። ያንን እጅ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ ኖሮ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ። አንድ ብቻ ምረጡልኝ። የጣት ፍጥነት የሚታይበት አይሁን፤ ሰውዬው ራሱ የሚሰማበት ይሁን።

ባለሸክላዋ፦

ነፍስ ይማር። እኔ ሳላቅማማ ሬይ ፕራይስን፣ «ናይት ላይፍ»ን፣ የ1963ቱን እላለሁ። ሸክላው ሲጀምር ፕራይስ ራሱ ለአድማጩ ጥቂት ያወራል። ከዚያ ዘፈኑ ሊገባ ሲል ባዲ ይቀድመዋል። እዚያች ላይ አቁምና «ይሄ ማነው?» ብለህ ጠይቀው። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት የሌሊቱ ነገር ተነግሮ አልቋል። ዘፈኑን የጻፈው ዊሊ ኔልሰን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእኔ ቤት ግን የባዲ ነው የሚባለው።

አስር ክር፦

እትዬ ባለሸክላዋ ቀደሙኝ፤ እኔም የምመርጠው እሱኑ ነበር። ነገር ግን ወንድምህ «ሰው ነው የሚጫወተው?» ማለቱን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

ፔዳል ስቲል በአራት እግሩ ቆሞ ፊትህ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። በግራ እጅህ ብረቱን ክሮቹ ላይ ታንሸራትታለህ። በቀኝህ አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ላይ ፒክ (ክር መምቻ) አጥልቀህ ትመታለህ። ግራ እግርህ ፔዳሎቹን ይረግጣል፣ ቀኝ እግርህ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ጉልበቶችህ ደግሞ ከሥር የተንጠለጠሉትን ማንሻዎች ግራና ቀኝ ይገፋሉ። ከእግር ጥፍር እስከ ጣት ጫፍ ሥራ ላይ ነህ፤ ተመልካች የሚያየው ግን አንገቱን የደፋ ሰው ብቻ ነው። ወንድምህ ባያውቀው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ልቅሶው ልምጣ። ማሲንቆ የሰማ ሰው ቃና ሳይቆረጥ ሲንሸራተት ያውቃል፤ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውምና። የስቲሉም ብረት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ ብረቱ ሲሄድ ከሥሩ ያሉት ክሮች ሁሉ እኩል አብረው መሄዳቸው ነው። ፔዳል የመጣው ብረቱ ባለበት ቆሞ ክሩ በራሱ እንዲወጠር ነው።

በ1954 የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ወጣ። ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ ክሩን መትቶ፣ ድምፁ ገና ሳይጠፋ ፔዳሉን ረገጠ። ከዚያ በኋላ የስቲል ተጫዋች ሁሉ ፔዳል ፍለጋ ወጣ። የአይዛክስ ፔዳል ግን ሁለት ቃና በአንድ ላይ ነበር የሚያነሳው፤ ቢን ወደ ሲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕን ወደ ኤ። ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ቃናዎች ናቸው፤ ከኢ ኮርድ ወደ ኤ ኮርድ ትሄዳለህ፣ ትመለሳለህ። ያምራል፤ ያው ሁለት ቦታ ብቻ ነው እንጂ።

ባዲ በ1956፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ያን አንድ ሥራ ለሁለት ፔዳል አካፈለው። አንዱ ቢን ብቻ ያነሳል፣ ሌላው ጂ ሻርፕን ብቻ። የመጀመሪያውን ለብቻው ስትረግጠው ኢ እና ጂ ሻርፕ ካሉበት ሳይነቃነቁ ቢ ብቻ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል፤ ኮርዱም ማይነር ይሆናል። በደስታ የጀመርከው እግርህ ሲወርድ ወደ ሐዘን ይዞራል፣ እግርህን ስታነሳ መልሶ ይፈካል። ወንድምህ «የሚያለቅሰው ነገር» ያለው እሱ ነው፤ አንዱ ቃና ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ብቻውን ሲሄድ። ይህ በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም፤ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ያሰበው ነው።

በዚህም አልበቃውም። ከሬይ ፕራይስ ጋር ሳለ በቅኝቱ ውስጥ የጎደሉትን ኤፍ ሻርፕና ዲ ሻርፕን ከላይ በኩል ጨመረ፤ «ዩ ቱክ ኸር ኦፍ ማይ ሃንድስ» ላይ ይሰማሉ። ዛሬ የምንጫወትበት ባለአስር ክሩ ኢ9 ቅኝት እነሱን ይዞ ነው የሚመጣው። የፔዳሎቹ አሰላለፍም «ኤመንስ» ይባላል። እንግዲህ እኔ ከመሣሪያው ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ግራ እግሬ የሚያርፈው እሱ በመረጠው ቦታ ላይ ነው። እጁን ጨብጬው አላውቅም፤ ማክሰኞ ማታ ግን መሣሪያውን ከፈትኩና ፔዳሉን መርገጥ አቃተኝ።

መነሻው ትልቅ ነገር አልነበረም። በ1937 ሚሻዋካ፣ ኢንዲያና ተወለደ። በ11 ዓመቱ አባቱ ስድስት ክር ያለው ጭን ላይ የሚቀመጥ ስቲል ገዝተው ሳውዝ ቤንድ ካለው የሃዋይ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስገቡት። በ16 ዓመቱ ካልዩመት ሲቲ፣ ኢሊኖይ ወርዶ ይጫወት ነበር፤ ከዚያ ዲትሮይት፣ ከዚያ ዲከንስ። በ1957 ከሾት ጃክሰን ጋር ሆኖ ሾ-ባድ የተባለውን የስቲል ጊታር ፋብሪካ አቋቋመ («ሾ» ከሾት፣ «ባድ» ከባዲ)። በኋላ ከዚያ ወጥቶ ኤመንስ የተባለውን ጊታር መሥራት ጀመረ። የእኛ ሰዎች «ሾ-ባድ ይሻላል» «የለም፣ ኤመንስ ይሻላል» እያሉ ሲጣሉ ያስቀኛል፤ ሁለቱም ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው እኮ።

ለወንድምህ «ናይት ላይፍ»ን ስትከፍትለት አንድ ነገር ብቻ ንገረው። መግቢያው አልፎ ፕራይስ መዝፈን ሲጀምር፣ ባዲ የማይጫወትባቸውን ቦታዎች ያድምጥ። ዘፋኙ ቃሉን ሲጨርስ ይገባል፣ የሚለውን ይላል፣ ቀጣዩ ቃል ሳይመጣ ይወጣል። እንደሱ የፈጠነ እጅ ያለው ሰው ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብደው የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የክሬዚ አርምስ ልጅ፦

ነፍሱን ይማር፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ጋሼ አስር ክር፣ ሰው ሲሞት ሁሉንም ነገር ለሱ ማሸከም አበዛን። ጂሚ ዴይ የት ሄደ? በ1956 ፕራይስን ፕራይስ ያደረገው «ክሬዚ አርምስ» ላይ ያለው ስቲል የጂሚ ዴይ ነው። በ1962 ባዲ የፕራይስ ባንድ ውስጥ የገባውም በዴይ ቦታ ነው። ፔዳሎቹን ከባዲ በተቃራኒ የሚደረድሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ አሰላለፉም «ዴይ» ይባላል። እውነቱን ልናገር? ባዲ ለኔ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ዴይ ሲጫወት ሰውዬው ራሱ የተጎዳ ይመስለኛል። ባዲ ሲጫወት ጉዳት ምን እንደሚመስል አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሰማኝ።

አስር ክር፦

የኔ ወንድም፣ ጂሚ ዴይን ማን ረሳው? ባዲም አልረሳውም፤ ጓደኛው ነበር። ስለ ንጽሕናው ያልከው ግን ፈጣን የሆኑት ላይ ልክ ነህ እላለሁ። በዲከንስ ባንድ ዘመን የተቀረጸው «ባዲስ ቡጊ» ላይ ልጁ እጁን እያሳየ ነው፤ ደግሞ ያሳይ እንጂ፣ ምን ይደረግ! ከኧርነስት ተብ ጋር በ1958 «ሃፍ ኤ ማይንድ» ላይ ስትሰማው ግን ያ ልጅ ሌላ ሆኗል። የተብ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ቃናው ላይ በደንብ የማይቀመጥበትም ጊዜ አለ። ባዲ እሱን ለማረም አይሞክርም። አጠገቡ ይሄዳል። ጉዳት የምትለውን እኔ የምሰማው እዚያ ነው።

ሳክስ ነፊው፦

እኔ ከጃዝ በኩል ነው የመጣሁት፤ ካንትሪ ብዙም አይጥመኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባዲን ያወቅሁት በ1963 ኒው ዮርክ ላይ በተቀረጸው «ስቲል ጊታር ጃዝ» ነው። ጀሮም ሪቻርድሰን ሳክስ፣ ቦቢ ስኮት ፒያኖ፣ አርት ዴቪስ ቤዝ፣ ቻርሊ ፐርሲፕ ከበሮ። እነዚህ ለቀልድ የሚቀመጡ ሰዎች አይደሉም። «ኦሊዮ»ን ከነሱ ጋር ሲጫወት መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ሽፋኑን ገልብጬ ማን ምን እንደሚጫወት አጣራሁ። ብረት የያዘ ሰው ያንን መስመር በዚያ ፍጥነት መውጣቱ ለኔ እስካሁን አይገባኝም።

አንድ ጥያቄ፦ እዚህ ላይ የሚጫወተው ያንኑ ኢ9 የምትሉትን ነው?

አስር ክር፦

አይደለም፤ ሲ6 የሚባለው ሌላ ቅኝት ነው። የሱ ጊታር እያንዳንዱ የራሱ ክርና ቅኝት ያለው ሁለት አንገት ነበረው፤ የፊተኛው ኢ9፣ የኋለኛው ሲ6። ለጃዝና ለስዊንግ ሲ6 ይመቻል፤ ኮርዶቹ ወፍራም ናቸው፣ ወደ ታችም ጠለቅ ይላል። «ናይት ላይፍ»ም በሲ6 ነው፤ ብሉዙ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ አንተና የባለስድስት ክር ወንድም ሳትተዋወቁ የምትወዱት አንድ አንገት ይሆናል ማለት ነው።

ሌላም የማይታመን ነገር ልጨምርልህ። በ1967 ሎስ አንጀለስ ሄዶ ከዘፋኙ ሮጀር ሚለር ጋር ቤዝ ነበር የሚጫወተው። አዎ፣ ቤዝ! የዓለም አንደኛው የስቲል ተጫዋች ማታ ማታ ባለአራት ክር ይዞ ቆሞ ያመሻል። ቀን ቀን ግን ስቱዲዮ እየገባ ስቲሉን ይጫወት ነበር፤ የጁዲ ኮሊንስ «ሰምደይ ሱን» የዚያን ጊዜ ነው።

ባለስድስት ክር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ «ናይት ላይፍ»ን ከፈትኩለት። እንዳላችሁኝ መግቢያው ላይ አቁሜ «ይሄ ማነው?» ስለው፣ «ያ የሞተብህ ሰውዬ» አለኝ። ቀጥሎ ጋሼ አስር ክር ያሉትን ነገርኩትና ከመጀመሪያው ጀመርነው። መሃል ላይ እጁን አንስቶ «ቆይ፣ አሁን የት ሄደ?» አለ። ስቲሉ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘፋኙን ትቶ እሱን መጠበቅ ጀመረ፤ «መጣ… ሄደ… መጣ» እያለ እኔን ማዳመጥ ከለከለኝ።

የፔዳሉን ነገር ላስረዳው ብሞክር በቃል አልገባ አለው። ጊታሬን አንስቼ ኢ ኮርድ ያዝኩና ቢዋን ብቻ ወደ ሲ ሻርፕ ጎትቼ አሳየሁት፤ ክሩ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። «ይቺ ናት!» አለ። አሁን ችግሩ ሌላ ነው፤ የነበሩትን ዘፈኖች ሁሉ እንደገና ማዳመጥ ፈልጎ ስልኬን ወስዶብኛል። ይህን የምጽፈውም ከሥራ ቦታ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምን ልስጠው? በነገራችን ላይ «ዘፋኝ አይደለም» ብዬው ነበር፤ እንደዚያው ነው አይደል?

ባለሸክላዋ፦

ዘፍኗልማ! በ1976 የቦብ ዊልስን ዘፈኖች በራሱ ድምፅ የዘፈነበት አልበም አለ። ድምፁ ደስ ይላል፤ እንደ እጁ ግን አትጠብቅ። እሱን ለሦስተኛ ጊዜ አቆየው። አሁን «ሰምደይ ሱን»ን ስጠው። የጁዲ ኮሊንስ ድምፅ ጥርት ያለ ስለሆነ ስቲሉ የቱ ጋ እንደገባ ፍለጋ አያደክመውም። ዘፈኑም ሐዘን የለበትም፤ ያ «የሚያለቅሰው ነገር» ሲስቅም ይስማው እንጂ። ስልክህን ከመለሰልህ ማለቴ ነው።