ሁለት መጋዘን፣ አንድ የስቶክ ቁጥር፤ እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?

የማታዋ ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የኦንላይን ሱቃችን ዉኮሜርስ በሚባለው የሱቅ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። መጋዘናችን አንድ እያለ ሰላም ነበርን። አሁን ሁለት ሆኗል፣ ሦስተኛውም ሊከፈት ነው። ሲስተሙ ግን ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። የትኛው መጋዘን ውስጥ ስንት እንዳለ በኤክሴል ነው የምንከታተለው፤ ኤክሴሉን ማታ ማታ የማስተካክለው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ዓይኔ እስኪጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ጉድ ሆንን። ጥቁር የጀርባ ቦርሳ ነው፣ ሳይቱ 7 አለ ይላል። አንድ ደንበኛ 5 አዝዞ ከፈለ። ኤክሴሉን ስከፍት አንደኛው መጋዘን 4፣ ሁለተኛው 3። ከሁለቱም እናዋጣለን ብዬ ደወልኩ። አንደኛው «እኔ ጋ ያለው 2 ነው» አለኝ፣ ሁለተኛው «እኔ ጋ 1»። ለካ 2 ቦርሳ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ተጭኖ መኪና ላይ ነው! እኔ ደግሞ ለተቀባዩ ቀድሜ ደምሬ ከላኪው መቀነሱን ረስቼዋለሁ። ደንበኛው 3ቱን ያን ቀን፣ 2ቱን በሦስተኛው ቀን አገኘ፤ የማጓጓዣውን ሁለት ጊዜ የከፈልነው እኛ ነን።

ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ልግዛ ወይስ ሶፍትዌሩን ጭራሽ ልቀይር?

ኮድ ጸሐፊው

ዉኮሜርስ ብቻውን መጋዘን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ ፕለጊን ግድ ነው። ሾፒፋይና ማጀንቶ የሚባሉት ሌሎቹ የሱቅ ሶፍትዌሮች ግን መጋዘን መለየቱ ከራሳቸው ጋር አላቸው፤ ማጀንቶ ከስሪት 2.3 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ። ፕለጊን የምትገዢ ከሆነ ሳትከፍዪ አንድ ነገር ፈትሺ፦ ትዕዛዝ ሲሰረዝ ዕቃው የሚመለሰው ወደ ወጣበት መጋዘን ነው ወይስ ዝም ብሎ ወደ መጀመሪያው? እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ወር ሙሉ አንዱ መጋዘን ሲስተሙ ላይ ሲያብጥ ሌላው ሲከሳ ከርሞ፣ ሌባ ገባ ብለን ሰው ስንጠረጥር ነበር።

የድሮ ስቶር ኪፐር

እህቴ፣ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመግዛትሽ በፊት ያንን መኪና መጋዘን አድርጊው። ቀልዴን አይደለም። «መንገድ ላይ» የሚል ሦስተኛ መጋዘን ክፈቺ። ዕቃው ሲጫን ከሁለተኛው ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይገባል። ሲደርስ፣ ተቀባዩ በእጁ ቆጥሮ ሲያረጋግጥ ብቻ፣ ከመንገድ ወጥቶ አንደኛው ይገባል። 10 ተልኮ 9 ቢደርስ 1ዱ መንገድ ላይ ተቀምጦ ያፈጥብሻል፣ ማንን እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ። ኦዱ የሚባለው የድርጅት ሶፍትዌር የዕቃ አያያዙ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ዕቃ ከአንድ ቦታ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይገባል እንጂ ዝም ብሎ አይጠፋም። የተሸጠው እንኳ «ደንበኛ» ወደሚባል ቦታ ነው የሚዛወረው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሳይቱ ላይ የምታሳዪው ቁጥር መደርደሪያ ላይ ያለው መሆን የለበትም። መደርደሪያ ላይ 3 ቦርሳ አለ እንበል፣ 2ቱ ተከፍሎባቸው መታሸግ እየጠበቁ ነው። በእጅሽ ያለው 3፣ የተያዘው 2፣ የሚሸጠው 1 ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የማይዝ ፕለጊን በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ማጀንቶን ብዙም አልወደውም፣ ከባድ ነው፣ ይሄን ግን አሳምሮ ነው የሠራው፦ ትዕዛዝ ሲገባ ከየትኛውም መጋዘን አይቀንስም፣ «ይህን ያህል ተይዟል» ብሎ ለብቻው ይጽፋል፤ ከመጋዘኑ የሚቀንሰው ዕቃው ሲላክ ነው።

ኤክሴሉን ደግሞ አጥፊው። ቁጥር ሁለት ቦታ የሚጻፍ ከሆነ አንዱ ውሸት ነው።

ሦስት በር

ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ኤክሴሉን ዛሬውኑ አጥፊ በሚለው ግን አልስማማም። መጀመሪያ ቆጠራ። የተሳሳተ ቁጥር ወደ አዲስ ሲስተም ካስገባሽ ስህተቱን በፍጥነት ማየት ነው ትርፉ። እኛ ሱቁን ለሁለት ቀን ዘግተን ነበር የቆጠርነው፣ ያ ሞኝነት ነበር። አሁን በየቀኑ ጥቂት ዕቃ እንቆጥራለን፤ ቶሎ ቶሎ የሚወጣው በየሳምንቱ ይቆጠራል፣ አቧራ የጠጣው በዓመት ሁለቴ ይበቃዋል።

ሌላው ማንም ያላነሳው፣ ትዕዛዙ ከየት ይውጣ የሚለውን ሰው በስልክ መወሰኑን አቁሙ። የኛ ሕግ አጭር ነው፦ ሙሉውን ትዕዛዝ አንድ መጋዘን ብቻውን መሙላት ከቻለ ራቅ ቢልም ከዚያ ይወጣል። ካልቻለ ነው ትዕዛዙ ለሁለት መጋዘን የሚከፋፈለው፣ እሱም ደንበኛው «እሺ» ካለ። ቅርብ የሆነው ይላክ የሚለውን ሞክረነው ነበር፤ ግማሹ ትዕዛዝ በሁለት ካርቶን መሄድ ጀመረ።

የማታዋ ቆጣሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! «መንገድ ላይ» የሚለውን ዛሬውኑ ኤክሴሉ ላይ ከፈትኩት፣ እስክንቀይር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሌላ የመሸጫ ሳይት ላይም አለን፣ እዚያም ያንኑ ቁጥር ላሳይ?

የድሮ ስቶር ኪፐር

አይ። ሁለቱ ሳይቶች ቁጥር የሚለዋወጡት በየስንት ደቂቃው ነው? በየ15 ደቂቃው ከሆነ በዚያ መሃል አንዷን ቦርሳ ሁለት ሰው ይገዛታል። ቶሎ ለሚወጡት ከሚሸጠው ላይ 2 ወይም 3 ቀንሰሽ ለዚያኛው ሳይት አሳዪ። ቀስ ብሎ ለሚወጣው አያስፈልግም፣ ዕቃ ደብቆ መቀመጥ ነው የሚሆነው።

ኮድ ጸሐፊው

ኧረ የተመለሱ ዕቃዎችንስ የት ነው የምታስቀምጧቸው? ለእነሱም ለብቻው ቦታ ስጪያቸው፣ ታይተው ደህና ናቸው እስኪባል የሚሸጠው ውስጥ አይግቡ።

የማታዋ ቆጣሪ

አሁን ደውዬ አስፈተሽኩ። በር ሥር ካርቶን ውስጥ 4 የተመለሱ ዕቃዎች አሉ፣ አንዱ ያው ጥቁር ቦርሳ ነው፣ ዚፑ የተበላሸ። ሳይቱ ላይ ለሽያጭ ቀርቧል። ላውርደው ሄድኩ።