ተስቦ ያለ ቅማል ሊይዝ ይችላልን?

የአንገረብ ነዋሪ፦ ጎንደር፣ አንገረብ ወንዝ አጠገብ እኖራለሁ። ማታ ጅቦች ከቆሻሻው ክምር ሲመገቡ ይታያሉ፤ አይጦችም ከወንዙ ዳር ወደየቤቱ ገብተዋል። የጎረቤቴ ልጅ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ተስቦ ነው ተባለ፤ በቤታቸው ግን ቅማል የለም። በሽታው ከእነዚህ እንስሳት ሊመጣ ይችላልን?

የእንስሳት ሐኪም፦ ከአይጦቹ ሊመጣ ይችላል። የቅማሉ ተስቦ መንስኤ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ሲሆን፣ በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው ግን ሪኬትሲያ ታይፊ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ቁንጫው በቆዳ ላይ የሚጥለው ዓይነ ምድር፣ ሰው የተነከሰበትን ቦታ ሲያክ ወደ ሰውነቱ ይገባል። የተለመደው የዌል ፊሊክስ የደም ምርመራ ሁለቱን አይለይም፤ በሌላ ሕመም ምክንያትም «አለ» ሊል ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ሁለቱንም ያክማል፤ አወሳሰዱን ግን ሐኪም ይወስን። ከጅቡ በኩል የምፈራው የእብድ ውሻ በሽታን ነው፤ እርሱ ግን የቫይረስ ነው።

ሌላ አንባቢ፦ ወንዙንም አይርሱት። አይጥ ሌፕቶስፒራ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያን በኩላሊቱ ተሸክሞ ሳይታመም በሽንቱ ስለሚያወጣው፣ እግሩ የቆሰለ ሰው በተበከለ ውሃ ውስጥ ሲሻገር ሊያዝ ይችላል።

የአንገረብ ነዋሪ፦ እንግዲያው የአይጥ መርዝ ላስቀምጥ?

የእንስሳት ሐኪም፦ አይቸኩሉ። አይጥ ሲሞት ቁንጫዎቹ ሬሳውን ትተው ሌላ ደም ስለሚፈልጉ፣ በባለሙያ ምክር መጀመሪያ በጉድጓዶቹና በመመላለሻ መንገዶቹ ላይ የቁንጫ ማጥፊያ ይደረግ፤ መርዙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።