የመታጠቢያ ቤቱ ዎልፔፐር እየተላቀቀ ተቸገርኩ

ሰላም ወገኖች፣ ሙያው ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ጠባብ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ፣ ከሻወሩ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ ቪኒል (ፕላስቲክ ነክ) ዎልፔፐር ተለጥፏል። መሃሉ ደህና ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ግን፣ በተለይ ከጣሪያው ሥር፣ ሙቅ ውሃ በተከፈተ ቁጥር ይላቀቃሉ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ የአየር ማስወጫው ፋን ደካማ ነው። ከዎልፔፐሩ ሥር ያለው የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ነው። ማጣበቂያው ያልያዘው ቀለሙ ስለማይመጥ ይሆን ወይስ ከእንፋሎቱ? መጋጠሚያውን ብቻ መልሼ ባጣብቀው ይበቃል፣ ወይስ ሁሉንም አንስቼ፣ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ፕራይመር (ማጣበቂያው እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ቀለም) ቀብቼ እንደገና ልጀምር? ቪኒል እርጥበት ስለማያሳልፍ ከጀርባው ሻጋታ እንዳይዝ በጣም እሰጋለሁ፤ ትንንሽ ልጆች አሉን። ከመጸዳጃው ጀርባ ያለው እጅ የማያስገባ ቦታስ እንዴት ይለጠፋል?